በዘር የሚወርድን ደዌ ማወቅና ማሳወቅ ይገባልን?

የሰው ልጅ ከአባቶቹ የሚወርሰው ብዙ ነው። ሃይማኖትን፥ ቋንቋን፥ ርስትንና ስምን ይወርሳል፤ መልኩንና የድምፁን ቃና እንኳ ሳይጠይቅ ይወርሳል። አያቱን የሚመስል ሕፃን የተወለደ እንደ ሆነ ቤተ ዘመዱ ሁሉ ተሰብስቦ «ቁርጥ አያቱን» እያለ ይደሰታል። ነገር ግን ከዚሁ ከውርሱ መካከል ደዌ የተገኘ እንደ ሆነ ቤተ ዘመዱ ዝም ይላል። የዚህ ጽሑፍ ነገር ስለዚህ ዝምታ ነው። ይኸውም በዘር የሚወርድ የነቀርሳ (የካንሰር) ሥጋት ያለበት ቤተ ሰብ ነገሩን ማወቅ፥ ያወቀውም ለዘመዱ መንገር ይገባዋልን? የንስሓ አባትስ በዚህ መካከል ምን ይላል? የሚል ነው።

ጥያቄውን ከመጽሐፍ አላገኘሁትም። በአዲስ አበባ ምዕራብ፥ በኮልፌ ቀራንዮ ክፍለ ከተማ፥ 18 ማዞሪያ ከሚባለው ሰፈር የምትኖር አንዲት እኅት ከቅዳሴ በኋላ ጠብቃ ያቀረበችልኝ ነው። ዕድሜዋ 30 ዓመት ያህል ነው። እናቷና የእናቷ እኅት፥ ሁለቱም ልጆቻቸው ሳያድጉ፥ በጡት ነቀርሳ ዐርፈዋል። ለቅሶ ደራሹ በጠየቀ ጊዜ ግን ለእናቲቱ «የሆድ ሕመም ነው»፥ ለአክስቲቱም «ትኩሳት ነው» ተብሎ ተነግሮ ነበር። ልጂቱ እውነቱን የሰማችው ታላቅ እኅቷ በዚሁ ደዌ ተይዛ ሐኪሙ «ከዘመዶቻችሁ መካከል ከዚህ በፊት የታመመ አለ ወይ?» ብሎ በጠየቀበት ቀን ነው። «አባቴ፥ እኔም ልመርመር ወይስ ልተወው? ብመረመርና ቢገኝብኝ ሊያገባኝ ለጠየቀኝ ሰው ልንገረው? የአክስቴንስ ልጆች ማን ይንገራቸው?» አለችኝ።

እኔም፥ አሁን ሳስበው የሚያሳፍረኝን መልስ ሰጠኋት። «ልጄ፥ ያልመጣን ነገር አትፈልጊ፤ ነገን ለእግዚአብሔር ተዪለት፤ ጠበል ተጠመቂ፤ ጸልዪ» አልኋት። መጠመቋም መጸለይዋም መልካም ነው፤ ስሕተቴ በዚህ አይደለም። ስሕተቴ የጠየቀችኝን ሳልሰማ መመለሴ ነው። እርስዋ ስለ እግዚአብሔር ኃይል አልጠየቀችኝም፤ ስለ ራሷና ስለ ዘመዶቿ የሚገባትን ነው የጠየቀችኝ። ስለ ነገሩ አንዳች አላውቅም ነበርና አለማወቄን በመንፈሳዊ ቃል ሸፈንሁት። ከእኛ ከካህናት መካከል ይህ ያልደረሰበት ካለ ንዑድ ክቡር ነው።

ከዚያ በኋላ ሐኪሞችን እየጠየቅሁ፥ መጻሕፍትንም እየተመለከትሁ የተረዳሁትን አስቀድሜ ልናገር። ነቀርሳ ሁሉ በዘር አይወርድም። በጡት ነቀርሳ ከሚታመሙት መካከል የሚበዙት፥ ከመቶው 90 ያህሉ፥ ደዌው ያገኛቸው ከወላጅ በተቀበሉት ነገር አይደለም፤ ከመቶው ከ5 እስከ 10 የሚሆኑት ግን ከአባት ወይም ከእናት በወረደ ጉድለት ምክንያት የታመሙ ናቸው። ነገሩን በእኛው ምሳሌ ለመግለጥ ያህል፥ ሰውነታችን በየሕዋሱ ውስጥ የተጻፈ መጽሐፍ አለው፤ የመጽሐፉን እያንዳንዱን ክፍል ሊቃውንቱ ጂን ወይም ዘረ መል ይሉታል። ሕዋስ በተባዛ ቍጥር መጽሐፉ ይገለበጣል፤ ሲገለበጥም፥ ብራና የጻፈ ሁሉ እንደሚያውቀው፥ ስሕተት ይገባበታል። ስለዚህ ፈጣሪ ለሰውነት አራሚም ሰጥቶታል። ቢ.አር.ሲ.ኤ. 1 እና ቢ.አር.ሲ.ኤ. 2 የተባሉት ሁለት ዘረ መሎች ሥራቸው ይህ አራሚነት ነው። ከእነዚህ አንዱ ከልደት ጀምሮ ጉድለት ያለበት እንደ ሆነ በሌላው ቦታ የሚገባው ስሕተት ሳይታረም ሊከማች ይችላል፤ ነቀርሳውም የሚነሣው ከዚህ ነው።

አሜሪካዊቱ ሊቅ ሜሪ ክሌር ኪንግ የመጀመሪያው በ17ኛው ክሮሞሶም ላይ እንደሚገኝ ያመለከተችው እ.ኤ.አ. በ1990 ነው፤ ዘረ መሉ ራሱ በ1994፥ ሁለተኛውም በ1995 ተለይተው ታወቁ። እ.ኤ.አ. በ2017 የታተመ ሰፊ ጥናት እንደ ገመተው፥ የመጀመሪያው ጉድለት ካለባቸው ሴቶች ከመቶው 72ቱ፥ የሁለተኛው ካለባቸው ደግሞ 69ኙ እስከ 80 ዓመት ዕድሜያቸው ድረስ የጡት ነቀርሳ ይይዛቸዋል። የእንቁላል ማኅደር ነቀርሳም እንዲሁ ከመቶው 44ቱንና 17ቱን ያገኛል። ጉድለቱ ካለበት ወላጅ የሚወለድ እያንዳንዱ ልጅ፥ ወንድ ቢሆን ሴት፥ የመውረሱና ያለመውረሱ ዕድል እኩል ነው፤ ያልወረሰ ደግሞ ለልጁ አያወርስም። ብዙ ሰው ነገሩ የሴት ደዌ ስለ ሆነ በእናት በኩል ብቻ የሚመጣ ይመስለዋል፤ ይህ ስሕተት ነው። አባት ከእናቱ የተቀበለውን፥ እርሱ ራሱ አንዳች ሳይሰማው፥ ለሴት ልጁ ሊያስተላልፍ ይችላል።

በዚህ ላይ ስለ ዘር ቈጠራ አንድ ነገር ሳልናገር አላልፍም። አባቶቻችን ጋብቻ ከመፈጸሙ አስቀድሞ እስከ ሰባት ቤት ይቈጥራሉ። ሥርዓቱ ለክብረ ጋብቻ የተሠራ ቢሆንም ለሥጋም ይጠቅማል፤ ከአባትም ከእናትም በአንድነት ካልመጣ የማይገለጥ የደዌ ዓይነት አለና፥ የቅርብ ዘመዶች ሲጋቡ እርሱ ይበዛል። አሁን የምንናገርለትን ነቀርሳ ግን ሰባት ቤት መቍጠር አይከለክለውም፤ ለእርሱ አንዱ ወላጅ ብቻ ይበቃዋልና። ዳሩ ግን የቈጠራው ልማድ በሌላ መንገድ ሊረዳን ይችላል። በሌላው ዓለም ይህን ምክር የሚሰጥ ባለሙያ ከደም ምርመራው በፊት ወረቀት አውጥቶ የሦስት ትውልድ ዘመድ ይሥላል፤ ማን ታመመ? በስንት ዓመቱ ታመመ? በምን ሞተ? እያለ ይጠይቃል። እርሱ ሦስት ይቈጥራል፤ እኛ ሰባት። ነገር ግን የእኛ ቈጠራ ስም እንጂ ደዌ የለበትም፤ ከስሞቹም የሚበዙት የወንዶች ናቸው። በእናት በኩል ከአያት ያለፈ እንደ ሆነ የሴቶቹ ስም ይጠፋል፤ የአሟሟታቸውም ነገር አብሮ ይጠፋል።

ዝምታውስ ከየት መጣ? ከክፋት አይመስለኝም፤ ከፍርሃት ነው። በአማርኛ ዘር ማለት እህልም ነው፥ ትውልድም ነው፥ ወገንም ነው። ስለዚህ «በዘር ያለ» የተባለ ደዌ በታመመው ሰው ላይ ብቻ አይቀርም፤ በቤቱ ሁሉ ላይ ይለጠፋል፤ ሴቶች ልጆቹም ጠያቂ ያጣሉ። ለዚህ ምስክር ፍለጋ ሩቅ መሄድ አያስፈልግም። በዚሁ በኮልፌ ቀራንዮ ክፍለ ከተማ ውስጥ ዘነበ ወርቅ የሚባለው ሰፈር አለ። የሥጋ ደዌ ሕሙማን ከየአገሩ ለሕክምና መጥተው በሆስፒታሉ ዙሪያ የሰፈሩበት ነው፤ አለርት የተባለው ማእከልም እ.ኤ.አ. በ1965 የተቋቋመው በዚያ ነው። የሥጋ ደዌ በዘር እንደሚወርድ በአገራችን ለብዙ ዘመን ታምኗል። በአውሮፓም ታላላቅ ሐኪሞች እንዲሁ ያምኑ ነበር። ኖርዌያዊው ሐኪም አርማወር ሃንሰን እ.ኤ.አ. በ1873 የደዌውን ተሕዋስ ባገኘ ጊዜ ግን ተላላፊ እንጂ በዘር የሚወርድ እንዳልሆነ ታወቀ፤ በስሙ የተጠራው የምርምር ተቋምም እ.ኤ.አ. በ1970 በአለርት አጠገብ ተመሠረተ። ዛሬ ደዌው በመድኃኒት ይድናል። እንግዲህ አንባቢ ሆይ፥ ይህን ተመልከት፤ ደዌው በዘር ሳይወርድ ነውሩ በዘር ወረደ። አንዳች ሕመም ያልነበረባቸው ልጆች በአባታቸው ደዌ ምክንያት ከጋብቻ ተከለከሉ።

በዚያ፥ በዘር ያልሆነውን በዘር ነው ብለን በደልን፤ እዚህ ደግሞ በዘር የሆነውን ደብቀን እንበድላለን። የሁለቱም ስሕተት ሥር አንድ ነው፤ እርሱም ደዌን እንደ ፍርድ መቍጠር ነው። ነቢዩ ሕዝቅኤል በ18ኛው ምዕራፍ አባቶች በበሉት ጎምዛዛ ፍሬ የልጆች ጥርስ ጠረሰ የሚለውን የሕዝቡን ተረት እግዚአብሔር እንደ ሻረው ይነግረናል። ደቀ መዛሙርቱም ዕውር ሆኖ ስለ ተወለደው ሰው በጠየቁ ጊዜ ጌታችን ምክንያቱን በእርሱም ኃጢአት በወላጆቹም ኃጢአት ላይ አላደረገም። ይህን ሁላችን እንሰብካለን። እኔ ግን ከዚያው ከዮሐንስ ወንጌል ምዕራፍ 9 ብዙ ጊዜ የምናልፈውን ላስታውስ እወዳለሁ፤ የዕውሩ ወላጆች ተጠርተው በተጠየቁ ጊዜ፥ ከምኵራብ እንዳይወጡ ፈርተው፥ ነገሩን ወደ ልጃቸው መለሱት። ልጃቸው የተናገረውን እነርሱ መናገር አልቻሉም። የ18 ማዞሪያዋ እኅታችን ቤተ ሰብም የእነርሱ ዓይነት ፍርሃት ነው ያለበት፤ ከማኅበር የመውጣት ፍርሃት። ስለዚህ «ለምን ደበቃችሁ?» ብለን ከመውቀሳችን በፊት፥ ከማኅበር የሚያወጣቸው ማን እንደ ሆነ መጠየቅ ይኖርብናል። መልሱም፥ እውነቱን ለመናገር፥ እኛው ነን።

ይህ ዕውቀት ወደ ክፉ እንዳይለወጥ የሚፈራ ሰውም ፍርሃቱ ያለ ምክንያት አይደለም። በጀርመን አገር እ.ኤ.አ. በ1933 በወጣው ሕግ ምክንያት፥ በዘር የሚወርድ ደዌ አለባችሁ እየተባሉ 400 ሺህ ያህል ሰዎች ያለ ፈቃዳቸው እንዳይወልዱ ተደርገዋል። አሜሪካዊው ሼልደን ሪድ እ.ኤ.አ. በ1947 የዘር ምክር አገልግሎት ለሚባለው ነገር ስም ሲሰጥ፥ ባለሙያው እንዲናገርና እንዲያስረዳ እንጂ እንዳያዝ የፈለገውም ከዚህ ዓይነቱ ነገር ለመለየት ነው። በእኛም ዘንድ አንዳንዱ ቅን ሰው «ለሠርግ የኤች.አይ.ቪ. ምርመራ ወረቀት እንደምንጠይቅ የዚህንም ብንጠይቅ ምን አለበት?» ይል ይሆናል። እኔ ይህን እቃወማለሁ። ኤች.አይ.ቪ. ከባል ወደ ሚስት፥ ከሚስትም ወደ ባል ይተላለፋል፤ ይህ ግን ለትዳር ጓደኛ አይተላለፍም። የወረሰ ሁሉም አይታመምም፤ ከወላጁም የሚወለዱት ሁሉ አይወርሱም። ወረቀት የጠየቅን እንደ ሆነ የዘነበ ወርቅን በደል በአዲስ ስም መድገማችን ነው። እጮኛዋ ግን ማወቅ አይገባውምን? ይገባዋል። ጋብቻ በፈቃድ የሚጸና ስለ ሆነ፥ ያወቀች እንደ ሆነ ከቃል ኪዳኑ በፊት ራሷ ትንገረው፤ ሽማግሌ አይንገርለት፥ ካህንም አይንገርለት።

የዘመዶቹ ነገር ከዚህ ይከብዳል። አንዲት ሴት በደሟ ውስጥ ያለውን ያወቀች ጊዜ፥ ሳትፈልግ የእኅቷንና የአክስቷን ልጆች ነገር በከፊል አውቃለች። ምሥጢሩ የእርስዋ ነው፤ አደጋው ግን የብዙዎች ነው። ካህን በንስሓ የሰማውን ለማንም አያወጣም፤ ይህ ለሕይወትም ቢሆን የሚሻር ሥርዓት አይደለም። ሐኪምም የሕሙሙን ምሥጢር ይጠብቃል። ስለዚህ ነጋሪዋ እርስዋው ራሷ ናት። በጎርፍ የተቈረጠ ድልድይ ያየ መንገደኛ ከኋላው የሚመጣውን ሳያስጠነቅቅ ቢያልፍ ድልድዩን እርሱ አልቈረጠውም፤ ቢሆንም አንዳች አይጠየቅም ለማለት አልደፍርም። ይህን የምለው ለነጋሪዋ ነው። ለተነጋሪው ደግሞ ሌላ መብት አለው፤ «ማወቅ አልፈልግም» ቢል ሊገደድ አይገባም። ብዙ ሰው እነዚህን ሁለቱን ያጋጫቸዋል፤ እኔ የሚጋጩ አይመስለኝም። የሚነገረው «በቤታችን ይህ አለ፤ መጠየቅ የምትፈልጉ ጠይቁ» የሚለው ነው እንጂ «አንተ ይህ አለብህ» የሚለው አይደለም።

አሁን ወደ ከባዱ ልግባ። ጉድለቱ የተገኘባት ሴት ምን ታደርጋለች? አንዱ መንገድ ቀድሞ መጠባበቅ ነው፤ አቅሙ ባለበት አገር ከ25 ዓመቷ ጀምሮ በኤም.አር.አይ.፥ ከ30 ዓመቷም ጀምሮ በማሞግራፊ በየዓመቱ ትመረመራለች። ሌላው መንገድ ገና ያልታመመውን ጡት ወይም የእንቁላል ማኅደር አስቀድሞ ማስወጣት ነው፤ የመጀመሪያው ጉድለት ላለባቸው ሴቶች የእንቁላል ማኅደሩን ልጅ ወልደው ከጨረሱ በኋላ፥ ከ35 እስከ 40 ዓመት ባለው ጊዜ እንዲያስወጡ ሐኪሞች ይመክራሉ። ይህን የሰማ አንድ መምህር «ጤነኛ አካልን መቍረጥ ፍጥረትን መንቀፍ አይደለምን?» ብሎ ጠየቀኝ። ጥያቄው ቀላል አይደለም። እ.ኤ.አ. በ325 በኒቅያ የተሰበሰቡት አባቶች የመጀመሪያው ቀኖናቸው ለዚህ የሚቀርብ ነገር አለው፤ በደዌ ምክንያት በሐኪም እጅ የተሰለበ ሰው ከክህነት አይከለከልም፤ ጤነኛ ሆኖ ሳለ ራሱን የሰለበ ግን ይከለከላል ብለው ወስነዋል። አባቶች ነገሩን የለዩት በጤናና በደዌ መካከል ነው። ይህች ሴት ግን ከየትኛው ወገን ናት? አልታመመችም፤ እንደ ሌላው ሰው ጤነኛ ናት ማለትም አይቻልም። አባቶች እንዲህ ያለ ሰው አላዩም፤ እኛ አየን።

እኔ እንደሚመስለኝ አባቶች የከለከሉት የብረቱን ሥራ ሳይሆን ሥጋን እንደ ጠላት መቍጠሩን ነው። እኅቶቿን የቀበረችና ልጆቿን ለማሳደግ ብላ አካሏን የምትሰጥ ሴት ሥጋዋን ጠልታ አይደለም። ነገር ግን ይህ የእኔ የአንድ ሰው አሳብ ነው፤ ሊቃውንቱ በጉባኤ ቢመረምሩት ደስ ይለኛል። ባይሆንም ግን፥ ምርመራውን የፈቀደች፥ ወይም አካሏን ለመስጠት የወሰነች፥ ወይም ሁለቱንም ትታ በእምነት የተቀመጠች፥ ሦስቱም ከመቅደሱ ደጅ በአንድነት ሊቆሙ እንደሚገባ አልጠራጠርም።

ምርምር የሚያስፈልገው ከዚህ በኋላ ነው፤ ብዙም ነው። የዓለም ሊቃውንት ስለ ዘረ መል ያላቸው ዕውቀት የተሰበሰበው በአብዛኛው ከአውሮፓ ተወላጆች ደም ነው፤ እ.ኤ.አ. በ2016 በተደረገ ቈጠራ በእንዲህ ያሉ ሰፋፊ ጥናቶች ከተካተቱት ሰዎች ከመቶው 81ዱ የአውሮፓ ዘር ያላቸው ነበሩ፤ የአፍሪካ ዘር ያላቸው 3 ያህል ብቻ ናቸው። ከዚህ የተነሣ ጥቁር ሰው በተመረመረ ጊዜ መልሱ ብዙ ጊዜ «ለውጥ አግኝተናል፤ ትርጉሙን ግን አናውቅም» የሚል ይሆናል። አንድ ሰው ሌሊቱን ሙሉ ሳይተኛ ጠብቆ ይህን መልስ ሲቀበል ምን እንደሚሰማው አስቡት። በአፍሪካ ውስጥ የተጠናው ሲገኝ ግን ነገሩ ይጠራል። በናይጄሪያ የጡት ነቀርሳ ባለባቸው 1,136 ሴቶች ላይ ተደርጎ እ.ኤ.አ. በ2018 በታተመው ጥናት፥ ከመቶው 11 ያህሉ በሁለቱ ዘረ መሎች ላይ ጉድለት ተገኝቶባቸዋል። ናይጄሪያ ግን ኢትዮጵያ አይደለችም። በአዲስ አበባ እ.ኤ.አ. በ2011 የተጀመረው የነቀርሳ መዝገብ የጡት ነቀርሳ በሴቶች ዘንድ ከነቀርሳ ሁሉ እንደሚበዛ አሳይቶናል፤ መዝገቡ የሚቈጥረው የታመሙትን ነው፤ የቤተ ሰቡን ታሪክ ደግሞ ሌላ ሰው ሄዶ መጠየቅ አለበት።

ከደሙ ሌላ ቃሉም ጥናት ይሻል። «በዘር» ሳይሉ ይህን ነገር በአማርኛ እንዴት ይነግሩታል? በሰሜን ሸዋ ገጠር ያለች እናት ከመቶ ይህን ያህል ሲሏት ምን ትረዳለች? የንስሓ አባቷ ቢገኝ ይረዳታል ወይስ ያፍናታል? የተነገራቸው ሰዎች ከአምስት ዓመት በኋላ ደኅና ናቸው ወይስ ከጋብቻ ርቀዋል? ምርመራው ተገኝቶ ሕክምናው የታጣ እንደ ሆነስ መንገሩ ደግነት ነውን? ይህን ሁሉ ከለንደን ወይም ከቺካጎ መልሶ የሚልክልን የለም። በየአጥቢያው ያለ ካህን ስለ ቤተ ሰብ የሚያውቀውን ያህል የሚያውቅ ተመራማሪም የለም፤ ስለዚህ ሐኪሞቹ ሲመጡ፥ የንስሓን ምሥጢር ጠብቀን፥ የልማዱንና የቃሉን ነገር ልናስተምራቸው ይገባናል። በሲራክ መጽሐፍ ምዕራፍ 38 ሐኪምን እንድናከብር የታዘዝነው መድኃኒት ሲሰጠን ብቻ አይመስለኝም።

እኅታችን ከጥቂት ወራት በኋላ ተመልሳ መጣች። እኔም በመጀመሪያ የመለስሁላት መልስ ስሕተት እንደ ነበረ ነገርኋት፤ ይቅርታም ጠየቅኋት። ከዚያ አንድ ወረቀት አውጥተን ዘመዶቿን ጻፍን። በአባቷ በኩል ሰባት ቤት ሳትቸገር ቈጠረችልኝ። በእናቷ በኩል ከአያቷ በላይ ባዶ ሆነ። ሐኪሙ እንደ ነገራት በመጀመሪያ መመርመር ያለባት ታማሚዋ ታላቅ እኅቷ ናት፤ በእርስዋ ምን እንደ ተገኘ ሳይታወቅ የጤነኛዋ ምርመራ ቢደረግ መልሱ ሙሉ አይሆንምና። ታላቂቱ ግን «ልጆቼን አታስፈራሩብኝ» ብላ እንቢ አለች። አላስገደድናትም። ታናሺቱ ጡቷን በየጊዜው በሐኪም ታስመረምራለች፤ ስለ እናቷ አሟሟትም ለአክስቷ ልጆች በስልክ ነግራቸዋለች። አንደኛው አመሰገናት፤ አንደኛዋ እስከ ዛሬ አታነጋግራትም። የእናቷን እናት እኅቶች የሚያውቁ አንዲት እማሆይ በደብረ ሊባኖስ እንዳሉ ሰምታለችና፥ በሚመጣው ወር ሄዳ ልትጠይቃቸው አስባለች፤ ወረቀቱንም ይዛ ትሄዳለች።